በሩ አጠገብ ያለው ቀለበት

ጠዋት ጋራዡን የምትከፍተው እሷ ናት። ባሏ ቁጭ ብሎ ቁርሱን ካልበላ ቀኑን ሙሉ መዶሻው ይጠምበታል፤ እሷ ግን ዳቦዋን እየገመጠች፣ መንገድ ላይ ነው ቁርሷን የምትጨርሰው። ያን ቀንም እንደ ሁልጊዜው የቆርቆሮውን በር በትከሻዋ ገፍታ ገባች፣ መብራቱን አበራች፣ የኮምፕሬሰሩን ውሃ አፈሰሰች። ብረት የሚታሰርበት ሞርሳ ላይ የተረሳ የሻይ ብርጭቆ አነሳች። ከዚያ የመሰርሰሪያውን ፑንታዎች በየቁጥራቸው ደረደረች፤ የደነዘዘውን ለብቻ፣ ስለታሙን ለብቻ። ከግድግዳው ማዶ ልብስ ሰፊዋ ማልዳ መጥታ የስፌት መኪናዋን ማንጣጣት ጀምራለች።

የጋራዡ ሥራ የጭነት ቫን ሌላ ነገር ማድረግ ነው። አንዱ ደንበኛ ወንበር ያስገጥማል፣ አንዱ መደርደሪያ፣ አንዱ የሚተኛበት አልጋ። ባሏ ባትላሜራ ነው፤ የተጨማደደ ላሜራ ቀጥቅጦ ያቀናል፣ ጎርባጣውን በስቱኮ ይለስናል፣ ቀለም ይረጫል። የውስጡ ሥራ የእሷ ነው። የቫን ላሜራ ስስ ነው፤ ብሎን የሚይዝበት ሥጋ የለውም። ከጀርባው በዳዶ እንዳይታሰር ደግሞ የመኪናው አጥንት ድርብና ዝግ ስለሆነ እጅ አይገባበትም። ስለዚህ የሪቬት ዳዶ ይገባበታል፤ ከጣት አንጓ የማይበልጥ፣ ውስጡ ጥርስ የወጣለት ቀፎ ነው። ቀዳዳው ልክ በልኩ ይበሳል፣ ቀፎው ይገባል፣ መሳቢያ በሚባለው የእጅ መሣሪያ ሲሳብ ከወዲያ በኩል አብጦ ላሜራውን ይነክሳል። በልኩ የገባ እንደሆነ ላሜራው ይቀደዳል እንጂ እሱ አይነቀልም። ቀዳዳው ትንሽ ከሰፋ ግን ለዓይን የያዘ መስሎ ይቀመጥና የጎተቱት ጊዜ ይሽከረከራል፣ ይወጣል።

በዚህ ሥራ እጇ ስለተመሰከረለት ደንበኞች «ወይዘሮ ዳዶ» ይሏት ነበር። ባሏም ሲቀልድ፣ «የኔ ሚስት አንዴ የያዘችውን ያለ ግራይንደር አትለቅም» ይላል።

ባልና ሚስቱ አንድ ሕግ ነበራቸው። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ዳዶ ተሽከረከረባትና ባትላሜራው በደንበኛ ፊት ጮኸባት። እሷም ነገር አላበዛችም፤ የያዘችውን መሳቢያ ወረወረችው። ቅንድቡ ላይ የተሰፋው ቁስል እስካሁን ይታያል። ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም ሳይል ነገሩ ተለመደ፤ የአንዱን ስህተት ያገኘ ሌላው ዝም ብሎ ያርማል። አይናገርም፣ አያሳይም፣ «አየሁልህ» አይልም። እሱ ያጣመመውን እሷ ታቃናለች፣ እሷ የሳተችውን እሱ ይደፍናል። ዝም ባለ አፍ ዝምብ አይገባበትም ይባል የለ? ቤታቸው በዚህ ሰላም አገኘ።

ያን ሰሞን ጋራዡ ውስጥ የቆመው ነጭ ቫን የእስረኛ ማመላለሻ ሊሆን ነበር የመጣው። የብረት አግዳሚ፣ ከሾፌሩ የሚለይ የሽቦ መረብ፣ በግራው ግድግዳ ላይ ደግሞ እጀ ሰንሰለት የሚታሰርባቸው ሦስት ወፋፍራም ቀለበቶች። ቫኑን ያመጣው አጃቢ ሆዱ ከቀበቶው ቀድሞ የሚገባ፣ ሰፈሩ ወዲያው «ድምቡሼ» ያለው ሰው ነው።

«እትዬ ዳዶ፣ ቀለበቱ ይጥበቅልኝ እንጂ አግዳሚው ቢቆረቁረኝም ግድ የለኝም» ይላት ነበር፣ ሥራውን ሊያይ በመጣ ቁጥር። «እኔ ከኋላ ከነሱ ጋር ነኝ እኮ የምቀመጠው። ሾፌሩ ፊት ሆኖ ሬዲዮውን ይሰማል፤ እኔ ከኋላ ስድቤን እሰማለሁ።»

«አንተን ማን ይደፍርሃል? ብትወድቅበት ያልቅለታል።»

«እስክወድቅ ነዋ ችግሩ!»

ድምቡሼ የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። በዚያ ቫን መጀመሪያ የሚጫነው እስረኛ የባትላሜራው ታናሽ ወንድም ነው። የጠየቃቸው አልነበረም፤ እነሱም አልተናገሩም።

ወንድምየውን ሰው ሁሉ የሚያውቀው መብረቅ በሚል ስም ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር እንዲሉ፣ ታላቁ ላሜራ ካልሆነ የማይመታ፣ ታናሹ ከላሜራ በቀር ሁሉን የሚመታ። አባታቸውም ባትላሜራ ነበር፤ በቀበቶ ሲጀምር በመዶሻ እጀታ የሚጨርስ ሰው። ታላቅየው ታናሹ ላይ ተኝቶ ዱላውን በጀርባው ይቀበልለት ነበር። የግራ እጁ ቀለበት ጣት የተጣመመው ያን ጊዜ ነው። ጀርባው የዳነለት ልጅ ግን ሲያድግ አባቱን ሆነ።

መብረቅ የልብስ ሰፊዋን ባል የገደለው በጠራራ ፀሐይ፣ ከሱቋ ደጃፍ ነው። መንገድ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተነካኩ፤ «አታይም?» «አንተስ?» ተባባሉ፤ በቃ። መብረቅ ጋራዡ ገብቶ የክሪክ እጀታ ይዞ ወጣ። ወይዘሮ ዳዶ ቫን ውስጥ ሆና ድምፁን ሰምታለች፤ ላሜራ የሚቀጠቀጥ መስሏት ሥራዋን ቀጠለች። ስትወጣ ሰውየው ፊት አልነበረውም። ልብስ ሰፊዋ ባሏ ላይ ተደፍታ ነበር፤ መብረቅ እሷንም ከጀርባዋ አንድ ጊዜ መታት፣ ከዚያ እጀታው ከእጁ አዳልጦት ወደቀ። ፖሊሶች ይዘውት ሲሄዱ አንገቱን አዙሮ፣ «አንቺ! አፍሽን ብትከፍቺ በገዛ መርፌሽ ዓይንሽን እሰፋዋለሁ» አላት። እሷም አፏን ከፈተች። ዋናዋ ምስክር እሷ ናት። ጉዳዩ ሌላ ከተማ ወዳለው ትልቁ ፍርድ ቤት ተመርቶ ነበር፤ ቫኑም የሚሠራው ለዚያ ጉዞ ነው።

ያን ጠዋት ፑንታዎቹን ደርድራ ሳትጨርስ አማቷ መጡ። ደንበኛ እንደሆነ ሰው በሩ ላይ ቆሙ፤ ዓይናቸው ቫኑ ላይ ነው።

«ይሄ ነው?» አሉ።

«ይግቡ እማማ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ልጄ እንደ ከብት የሚጠረቅበት መኪና ይሄ ነው ወይ ነው የምልሽ!»

«ይሄ ነው።»

አማቷ ቫኑ ውስጥ አንገታቸውን አስግገው ቀለበቶቹን አዩ። የመጨረሻውን፣ በሩ አጠገብ ያለውን፣ በጣታቸው ነኩት። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አንዷን ብቻ ላላ አድርጊልኝ። ሌላ አልለምንሽም። በጠባው ጡቴ ይዤሻለሁ።»

«እማማ፣ ይሄን አላደርገውም።»

«እጅሽ ይቆረጣል?»

«ቢወጣ መጀመሪያ ወዴት እንደሚሄድ እርስዎም ያውቃሉ።» በአገጯ ወደ ግድግዳው አሳየች። ከማዶ የስፌት መኪናው ይንጣጣል።

«እሷ የቀበረችውን ቀብራለች። የሞተ አይነሳ። የኔው ገና አልሞተም፤ በቁሙ ልታስቀብሪኝ ነው?»

«ዓይንሽን እሰፋዋለሁ ብሏታል እኮ!»

«ተናዶ ነው። ሰው ሲናደድ ስንቱን ይላል።»

«ሰው ይላል፤ እሱ ያለውን ሁሉ አድርጓል።»

አማቷ በጥፊ መቷት። የአሮጊት እጅ ነው፤ ግን ልጆቻቸውን ሲያሳድጉ ከባላቸው የተማሩት አልጠፋባቸውም ነበር። የወይዘሮ ዳዶ ከንፈር ጥርሷ ላይ ተቀደደ። አማቷ የራሳቸውን አንጓ ይዘው፣ እንደ ተመታ ሰው ማልቀስ ጀመሩ። ባትላሜራው ያን ጊዜ ገባ። እናቱን አየ፣ የሚስቱን አገጭ ላይ ደሙን አየ።

«ምንድነው?»

«ምንም» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

አማቷ ልጃቸውን በክንዱ ይዘው ወደ ውጭ አወጡት። ወይዘሮ ዳዶ ከውስጥ ሆና ታያቸው ነበር። እናቱ ያወራሉ፣ ደረታቸውን ይመታሉ፤ እሱ አቀርቅሮ የተጣመመ ጣቱን ያሻል። ተመልሶ ገባ። መዶሻውን አንስቶ ምንም ያልነካውን የሌላ መኪና በር ይቀጠቅጥ ጀመር፤ እንደሚያቀና ሰው ሳይሆን እንደሚበቀል ሰው። እሷ አቁም አላለችውም። እሱም አላቆመም፤ ላሜራው እስኪቀደድ ቀጠቀጠው።

በማግስቱ ጋራዡን ስትከፍት የስቱኮ ሽታ ተቀበላት። ትኩስ ስቱኮ ልክ እንደ ሆምጣጤ አፍንጫን ይወጋል፤ ትናንት ወደ ቤት ስትሄድ ግን ማንም ስቱኮ አልበጠበጠም። እሱ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፤ «መጣሁ» ብሎ።

ቫኑ ውስጥ ገባች። የጨረሰችውን ሥራ የምትፈትንበት የራሷ ዘዴ ነበራት፤ ረዥም ብረት ቀለበቱ ውስጥ ትከትና ሙሉ ክብደቷን ትጥልበታለች። የመጀመሪያው ቀለበት ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛውም። በሩ አጠገብ ባለው ላይ ስትንጠለጠል ግን ጢጥ የሚል ድምፅ ሰማች፤ ቀለሙ በብሎኖቹ ዙሪያ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ተሰነጠቀ። አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻውን አስገብታ አንዱን ብሎን አዞረችው። ዞረ። ዞረ። ቢውል ቢያድር የሚዞር ነው። በካቻቢቴ ሰቅስቃ ብትጎትተው ዳዶው ከነስቱኮው እንደ በሰበሰ ጥርስ እጇ ላይ መጣ። የቀለበቱ አራቱም ብሎኖች እንደዚያው ነበሩ። ቀዳዳዎቹ በትልቅ ፑንታ ሰፍተዋል፤ ጠርዛቸው ተሞርዷል፣ ክፍተቱ ተደፍኗል፣ ከላይ ቀለም ተቀብቷል። ሥራው የሚያምር ነበር። ከባሏ በቀር እንዲህ አድርጎ የሚደብቅ እጅ አታውቅም።

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ቁጣ ትጠብቅ ነበር፤ የመጣው ግን ሌላ ነው። ጀርባውን ለአባቱ ዱላ የሰጠው ልጅ አሁንም ወንድሙ ላይ ተኝቷል። ይህን ስታስብ ዳዶዎቹን መልሳ አስገብታ፣ ምንም እንዳላየ ሰው ልትወጣ ተነሳች። እውነት ተነስታ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ያን ጊዜ ነው የመጣችው፤ የሾፌሩን ወንበር ልብስ በክንዷ አንጠልጥላ። መብረቅ ከመታት ጀምሮ በአንድ ጎኗ ዘንበል ብላ ነው የምትሄደው። ቫኑ ውስጥ ገባች፣ ዙሪያውን ቃኘች።

«እዚህ ነው የሚያስሩት?»

«እዚህ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ የመካከለኛውን ቀለበት በሁለት እጇ ጨብጣ፣ እግሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ሳበችው። ጥርሷን ነክሳ፣ የአንገቷ ሥር እስኪገተር ሳበችው። ከዚያ ለቀቀችና መዳፏን ሱሪዋ ላይ ጠረገች።

«በሕልሜ ሁሌ ይፈታል» አለች። «እኔ ክር አስገባለሁ፣ እሱ በበሩ ይገባል። ይይዛል ግን አይደል?»

ወይዘሮ ዳዶ የተነቀለውን ቀለበት በጀርባዋ ከልላ፣ እጇን ጨብጣ ነበር። የተነቀሉት ዳዶዎች መዳፏ ውስጥ ናቸው።

«ይይዛል» አለቻት።

«አንቺ ካልሽ ይይዛል።» ሳቅ ሞከረች። «እንግዲህ ካልያዘ ስፌቱን ከአንቺ ነው የምጀምረው፤ አፍሽን!»

ስትወጣ ወይዘሮ ዳዶ የጋራዡን በር ከውስጥ ዘጋች።

የሰፋ ቀዳዳ አይጠብም። ግን ከእሱ የሚገጥም ትልቅ ዳዶ ይገባበታል፤ ሥራውን የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው መላ ነው። በአንድ ቁጥር የሚበልጡትን ዳዶዎች ከነብሎኖቻቸው ከሳጥኑ አወጣች። የቀለበቱን ማቀፊያ ሞርሳ ላይ አስራ ቀዳዳዎቹን አሰፋች፤ የጋለ የብረት ፍንጣሪ አንገቷ ላይ እየወደቀ ቆዳዋን ጠበሰው፤ አላራገፈችውም። ስቱኮውን ከየቀዳዳው ፍቃ አወጣች። ከዚያ መሳቢያውን ይዛ ትሳብ ጀመር። ትልቅ ዳዶ በእጅ መሳቢያ የሁለት ወንድ ጉልበት ይፈልጋል፤ እጀታውን አግዳሚው ላይ አስደግፋ በደረቷ እየተጫነችው፣ እያንዳንዱ ቀፎ ከላሜራው ጀርባ ሲያብጥ የጎድን አጥንቷ ላይ ተሰማት። ብሎኖቹን አጠበቀች። ብረቱን ከትታ ተንጠለጠለች። ድምፅ የለም። ዘለለችበት። ቫኑ በጎማው ላይ ተወዛወዘ እንጂ ቀለበቱ ዝም አለ። ከሦስቱ ሁሉ ጠንካራው እሱ ሆነ። ቀለም ቀባችው።

ለባሏ ልትነግረው አስባ ነበር? አስባለች። ግን ስትነግረው ሁለቱም ጮክ ብለው መወሰን ሊኖርባቸው ነው፤ እሷ ወንድምህ ይታሰር ማለት፣ እሱ ጎረቤታችን ትሙት ማለት። ሳይነገር ከቀረ ግን እንደ ሌላው ስህተት ሁሉ በዝምታ ይታረማል። እሱ የብሎኖቹን ጭንቅላት ሲያይ መተለቃቸው ወዲያው ይገባዋል፤ ለእናቱ ይነግራል፣ እሳቸውም እስር ቤት ሄደው ለመብረቅ፤ በቃ፣ ማንም ለማንም ፊት ሳያሳይ ያልፋል። እንዲህ አለች በልቧ። ሕጋቸው ግን የተሠራው ለስህተት ነበር። ታስቦ ለተሠራ ነገር ሕግ አልነበራቸውም።

ባትላሜራው አርፍዶ መጣ። በቫኑ ክፍት በር አጠገብ ሲያልፍ ፊቱን አዞረ።

«ጨረስሽ?» አላት።

«ጨረስኩ።»

«ሁሉንም አየሽው?»

«ሁሉንም አየሁት።»

ለረዥም ጊዜ ተያዩ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ፤ በዓይኑ ውስጥ ከዚህ በፊት አይታ የማታውቀው ምስጋና ነበር። የገባው መስሏት እሷም ነቀነቀች። አይታ የተወችለት መስሎት እሱ ወደ መዶሻው ሄደ። ቫኑ ውስጥ ግን አልገባም። ድምቡሼ መጥቶ ቁልፉን እስኪቀበል ድረስ አንድም ጊዜ አልገባም።

መብረቅን ወደ ሌላው ከተማ በወሰዱበት ቀን ባትላሜራው ከማለዳ ጀምሮ ሥራ አልያዝለት አለ። ሁለቴ የራሱን ጣት በመዶሻ መታ። ሰው በበሩ ባለፈ ቁጥር ቀና ይላል። እሷ የቀን ነገር ነው፣ የወንድም ነገር ነው ብላ ሻይ ቀድታ አጠገቡ አስቀመጠችለት።

ከሰዓት በኋላ ነጩ ቫን ተመለሰ። የኋላ በሩ በገመድ ታስሯል። የግራ ጎኑ ላሜራ ከውስጥ ወደ ውጭ አብጧል። ድምቡሼ ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠምጥሞ፣ ሸሚዙ እስከ ቀበቶው ደም ለብሶ ወረደ። ሾፌሩ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከመሪው አልተነሳም።

«እትዬ ዳዶ!» አለ ድምቡሼ ከሩቅ። «ነይ ልሳምሽ! በእጅሽ ነው የተረፍኩት!»

ባትላሜራው ልማዱ ሆኖ ቀድሞ ያየው እብጠቱን ነው። መዳፉን ላሜራው ላይ አሳረፈ፣ እንደ ሐኪም ዳሰሰው።

«ይሄን ምን መታው?»

«ጭንቅላት ነዋ!» አለ ድምቡሼ፤ ሳቁ ፋሻው ላይ ደም አመጣበት። «‹ያስመልሰኛል፣ በሩ አጠገብ እሰረኝ› አለኝ እስረኛው። ሰው ነው ብዬ አሰርኩት። ከከተማ ወጣ ስንል ተነስቶ ቀለበቱን ይነጨው ጀመር። አቤት ጉልበት! እግሩን ግድግዳው ላይ አድርጎ ሲስበው አጥንቱ ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁ፤ አንጓው በቆዳው ወጣ። አላቆመም። ‹ልቀቂ! ልቀቂ!› ይላታል፣ ቀለበቷን እንደ ሰው። ልይዘው ስጠጋ አንገቴን በእግሩ ቆለፈኝ፣ ጆሮዬን ነክሶ ተፋው። ይኸውልሽ፣ ጆሮ የለኝም! ሾፌሩ አቁሞ መጣና በሰደፍ... እንግዲህ ምን ያድርግ? እስኪለቀኝ መታው። ሲለቀኝ ሞቶ ነበር፤ ሬሳውን ሆስፒታል አስረክበን ነው የመጣነው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «መጨረሻ ላይ ‹ወንድሜ፣ ወንድሜ› ነበር የሚለው። የት ያለ ወንድም እንደሆነ እንጃ። ብቻ ያቺ ቀለበት ብትለቅ ኖሮ እኔም አልነበርኩ።»

ባትላሜራው እጁን ከላሜራው አላነሳም። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ አንስቶ፣ ገመዱን ፈትቶ ቫኑ ውስጥ ገባ። ወለሉ ገና አልታጠበም ነበር። ተንበርክኮ መፍቻውን በሩ አጠገብ ካለው ቀለበት ብሎን ላይ አደረገው። አልገባም። ገልብጦ በሌላኛው ብሎን ሞከረ። አልገባም። በጣቱ የብሎኑን ጭንቅላት ዙሪያውን ዳበሰው።

ሲወጣ ጉልበቱ ላይ የወንድሙ ደም ነበር።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«አየሁት አልሽኝ እኮ።»

«አየሁት። አረምኩት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ተነጋግረን እናውቃለን?» አለች።

በቡጢ ሲመታት ኮምፕሬሰሩ ላይ ወደቀች። አንድ ነገር ጉንጯ ውስጥ ተሰበረ። ከዚያ በፊት በሕይወቱ አንድም ቀን እጁን አንስቶባት አያውቅም፤ አመታቱ ግን እንደ ለመደ ሰው ነበር፤ ከአባቱ ጀርባው ላይ የተማረው ነው። በግራ እጁ ፀጉሯን ይዞ አነሳት፤ በቀኝ እጁ መዶሻውን ከጠረጴዛው ላይ ፈለገና አገኘው።

«ኧረ ወንድሜ! ኧረ ተው! ምን አድርጋ?» ድምቡሼ በመካከላቸው ገባ። ሰፊ ደረቱን በእሷ ላይ አድርጎ ሸፈናት። «ተው እንጂ፣ ሚስትህ እኮ ናት!»

ባትላሜራው መዶሻውን አወረደበት። የድምቡሼ የትከሻ አጥንት ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። ሁለተኛውን ወደ ጭንቅላቱ ሰነዘረ፤ ጠረጴዛው ላይ አረፈ፤ ፑንታዎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ሦስተኛውን ሲያነሳ ሾፌሩ ከመኪናው ወርዶ ነበር። «ጣለው!» አለ። ደግሞም አለ። ባትላሜራው የሰማ አይመስልም።

ሾፌሩ አንዴ ተኮሰ።

ባትላሜራው መጀመሪያ ተቀመጠ፤ ቀስ ብሎ፣ ደክሞት ለእረፍት እንደሚቀመጥ ሰው። ጀርባውን ለቫኑ ጎማ ሰጠ። እሷ በእጇና በጉልበቷ እየዳኸች ደረሰችበት። ቁስሉን በመዳፏ ደፈነችው። ደሙ በጣቶቿ መካከል ይወጣ ነበር፤ በሌላው መዳፏ ጨመረችበት፣ በክንዷ ጨመረችበት፣ መጨረሻ በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው። ሊናገር ፈልጎ አፉን ከፈተ። እሷም ልትነግረው ብዙ ነበራት። ጉንጯ ተሰብሮ ነበርና ቃሏ ቃል አልሆነም። እሱም ዓይኑን ሳይከድን ቀረ።

ድምቡሼ ተርፏል፤ ቀኝ ክንዱ ግን ከትከሻው በላይ አይነሳም። ልብስ ሰፊዋ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ አላስፈለጋትም። ለተወሰነ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ሾርባ ይዛ ትመጣ ነበር፤ ወይዘሮ ዳዶ ጉንጯ እስኪገጥም ማኘክ ስለማትችል። ማንኪያውን ስታቀብላት ሁለቱም ወደ ወለሉ ነው የሚያዩት። በኋላ ሱቋን ወደ ሌላ ሰፈር አዛወረች።

አማቷ የመጡት አንድ ቀን ብቻ ነው። ቆርቆሮው በር ላይ ቆሙ፤ አልገቡም። ወይዘሮ ዳዶ ከሥራዋ ቀና አለች። ጥፊም፣ እርግማንም ጠብቃ ነበር፤ ፊቷን አላሸሸችም።

«ብትነግሪው ለእኔ ይነግረኝ ነበር» አሉ አማቷ። «ለእኔ ቢነግረኝ ታናሹን አርፈህ ሂድ እለው ነበር።»

«አዎ» አለቻቸው።

አሮጊቷ መንገዱን ይዘው ሄዱ።

ጋራዡ ይሠራል። አማቷ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ አሁን የሏቸውም። እሷ ባል ነበራት፤ አሁን የላትም።